ከዓባይ ድልድይ ማዶ የሚጠብቅ ትንኝ፤ ስለ ወባና ስለ ቢጫ ወባ ለመንገደኛ ነጋዴ የቀረበ ማብራሪያ

ለንግድ ሥራ ወደ ውጭ አገር የሚነሣ ሰው ፓስፖርቱንና ቪዛውን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የባንክ ሰነዱን፣ የሚያሳየውንም ናሙና አንድ በአንድ ቈጥሮ ያሰናዳል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰበው፣ አንዳንድ ጊዜም የአየር መንገዱ ሠራተኛ ሲጠይቅ ብቻ ትዝ የሚለው፣ የክትባት ምስክር የሆነው ቢጫ ካርድ ነው። ካርዱ በብዙ ነጋዴ ዘንድ ከጉምሩክ ወረቀቶች እንደ አንዱ ስለሚታይ፣ ማኅተሙ ከተገኘ ጉዳዩ እንዳለቀ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ካርዱ የሚመሰክረው ከአንድ በሽታ ስለ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ያውም መርፌው በእርግጥ ተወግቶ፣ በጊዜውም ተወግቶ እንደሆነ ነው። ትንኝ ወደ ሰው ደም የምታስገባው በሽታ ግን ብዙ ዐይነት ሲሆን፣ ለምሥራቅ ጎጃም ነጋዴ ከሁሉ የቀረበው በባሕር ማዶ ሳይሆን በዓባይ ድልድይ ሥር ይገኛል።

ሞጣም ቢቸናም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የተቈረቈሩ የደጋ ከተሞች ናቸው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር በመሆኑ፣ በእነዚህ ከተሞች ተወልዶ ያደገ ሰው ከወባ ጋር ሳይተዋወቅ ሊሸመግል ይችላል። ነገር ግን ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው የጭነት መኪና ደጀንን አልፎ ቍልቍል ሲወርድ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ካለው የወንዙ ዳር ይደርሳል። ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርደውም መንገድ ተጓዡን ከደጋ ወደ ቆላ የሚያወርድ ነው። ሰባራ ድልድይ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ተሠርቶ፣ በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተቈረጠ በኋላ የጎጃምና የበጌምድር ገበያተኛ ለብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት የነበረ ሥፍራ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ ስለ ወሰደው፣ በ2001 ዓ.ም. በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተተክቶለታል። ለጫኙና ለባለዕቃው ድልድዩ ወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ለጤናው ግን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር እንደ መግባት ያለ ነው። በቆላ የሚኖር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በወባ እየተያዘ የተረፈ በመሆኑ ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ መቋቋምን ይለምዳል፤ ከደጋ የወረደው እንግዳ ግን ይህ ስንቅ የለውም።

የዱሮ ነጋዴዎች የቆላውን ንዳድ ይፈሩት ነበር። ጭነታቸውን በቀን አሻግረው ሌሊቱን በከፍታው ላይ ለማሳለፍ መቻኰላቸው ከጥበብ የራቀ አልነበረም፤ ምክንያቱን ግን ለቆላው አየር ይሰጡት ነበር። ጣሊያኖችም ቢሆኑ በሽታውን ማላሪያ ብለው የሰየሙት በቋንቋቸው «መጥፎ አየር» ለማለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በ1889 ዓ.ም. በሕንድ አገር የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ በኋላ ግን ነገሩ ተገለጠ። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ስለዚህ በቆላ ያላደረ መንገደኛ ከአየሩ ሳይሆን ከትንኝዋ ያመለጠ ነበር ማለት ነው።

የወቅቱ ነገር ደግሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በቀድሞ ጊዜ ዓባይ በክረምት ሲሞላ መሻገሪያው ይዘጋና፣ ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲጎድል ገበያው ይከፈት ነበር። ዝናቡ አባርቶ በየጉድጓዱና በየወንዙ ዳር የቆመ ውሃ የሚቀረው፣ ትንኝም የምትበዛው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት፣ የንግድ መንገድ የሚከፈትባቸው ወራት፣ በአገራችን ወባ ከሁሉ የሚበረታባቸውም ወራት ናቸው። ዛሬ ድልድዩ ክረምት ከበጋ ቢያሻግርም ትንኝዋ ወቅቷን አልለወጠችም። ሰሊጥ ለመግዛት በጥቅምትና በኅዳር ወደ መተማ የሚወርደው ነጋዴ፣ መኪናው በሸለቆው ውስጥ ተበላሽቶበት ከጎማው ሥር የሚያድረው ሾፌርና ረዳትም፣ በዚህ ወቅት ለትንኝዋ የተጋለጡ ናቸው። ባለመኪናው ለትርፍ ጎማና ለክሪክ የሚያስበውን ያህል ለአንድ አጎበር ቢያስብ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው።

የደጋ ሰው ከወባ ጋር ድንገት ሲገናኝ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ የ1950 ዓ.ም. ክረምትና ተከታዩን የ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ጊዜ ወባ ከወትሮው ሥፍራ ወጥቶ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወይና ደጋ በመዝመቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙ፣ 150 ሺህ ያህሉም እንደ ሞቱ ተገምቷል። ይህ የታሪክ ነገር ብቻ እንዳይመስል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ 7.3 ሚሊዮን የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች መመዝገባቸውን አስታውቋል፤ ብዙ ሕሙማን ከተገኙባቸው ክልሎች አንዱም የአማራ ክልል ነበር።

አሁን ወደ ቢጫው ካርድ እንመለስ። በቋንቋችን ቢጫ ወባ የተባለው በሽታ ስሙን ከወባ ጋር በመጋራቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዳንዱ የወባ ክኒን ከያዘ ከቢጫ ወባም የዳነ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ክትባቱን ስለ ተወጋ ያለ አጎበር ቢተኛ የማይጎዳ ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ወባን የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚራባ ጥቃቅን ተውሳክ ሲሆን መድኀኒት አለው። ቢጫ ወባን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ከያዘ በኋላ የሚያድነው የተለየ መድኀኒት እስከ አሁን አልተገኘለትም፤ ሐኪም የሚችለው በሽተኛውን እየደገፉ ማስታመም ብቻ ነው። አስተላላፊዋም ትንኝ ሌላ ናት። የወባዋ አኖፌለስ ስትባል፣ የቢጫ ወባዋ ኤደስ ትባላለች፤ ይህችኛዪቱ የምትነድፈው በቀን ነው።

ቫይረሱ ከተነደፈው ሰው ደም ከገባ ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጀርባ ሕመምና ትውከት ይጀምራል። ከታመሙት ብዙዎቹ በጥቂት ቀን ይሻላቸዋል። ጥቂቶቹ ግን ተሽሏቸው ከዋሉ በኋላ ትኩሳቱ ይመለስባቸውና ጉበታቸው ተጐድቶ ዐይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ ከአፍና ከአፍንጫም ደም ሊፈስ ይችላል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሞታሉ። በአገራችን የዐይን ቢጫ መሆን የወፍ በሽታ ምልክት ተብሎ በባህል መድኀኒት ስለሚታከም፣ ከቢጫ ወባ አገር የተመለሰ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ቢታይበት ጊዜውን በከንቱ ሊያሳልፍ ይችላል።

ይህ በሽታ የሩቅ አገር ነገር እንዳልሆነ ኢትዮጵያውያን በመከራ ተምረውታል። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ቢጫ ወባ 100 ሺህ ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 30 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። በአፍሪካ ከታወቁት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። በዚያ አገር ከሚገኙት የኤደስ ትንኞች አንዷ በእንሰት ቅጠል መጋጠሚያ በሚጠራቀመው ጥቂት ውሃ የምትራባ በመሆኗ፣ የቤተ ሰቡ ምግብ የሆነው ተክል ከበራፍ ቆሞ ለትንኝዋም ቤት ሆኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በወላይታ ኦፋ ወረዳ፣ በ2012 ዓ.ም. በጉራጌ እኖር ኤነር ወረዳ በሽታው እንደገና ታይቷል።

ስለዚህ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚሄድ ነጋዴ «እኔ የምሄደው ቢጫ ወባ ወደሌለበት አገር ነው፤ ካርድ ለምን እጠየቃለሁ?» ቢል፣ መልሱ አገሩ የሚጠነቀቀው ከእርሱ ነው የሚል ይሆናል። በእስያ ኤደስ ትንኝ በብዛት ትገኛለች፤ ቢጫ ወባ ግን እስካሁን ሥር አልሰደደም። አንድ በሽተኛ በአውሮፕላን ቢገባና ትንኝዋ ብትነድፈው፣ ክትባት በሌለው ሕዝብ ላይ ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። የሕንድ መንግሥት ከእነዚህ አገሮች ያለ ካርድ የመጣውን መንገደኛ እስከ 6 ቀን ለይቶ ያስቀምጣል። በቦምባይ ገበያ ዋጋ ለመደራደር የሄደ ሰው 6 ቀን ተዘግቶበት ሲቀመጥ ኪሳራው ምን ያህል እንደሚሆን ከነጋዴ የተሻለ የሚያሰላው የለም።

ስጋቱም ባዶ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአንጎላ ዋና ከተማ በሉዋንዳ ቢጫ ወባ በተነሣ ጊዜ፣ በዚያ በሥራ ላይ የነበሩ ቻይናውያን በሽታውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ 11 ሰዎች መያዛቸውም ተረጋግጧል። ወደ አንጎላ ለመግባት ካርድ ግዴታ እያለ ሰዎቹ ታመው መገኘታቸው ለብዙዎች ትምህርት ሆኗል፤ ካርድ መጠየቅና መከተብ አንድ አለመሆናቸውን አሳይቷልና። መርፌ ሳይወጉ ማኅተም የሚገዙ ሰዎች አሉ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ዘበኛውን ያታልል ይሆናል፤ ትንኝዋን ግን አያታልላትም።

ክትባቱ ራሱ ከመልካሞቹ አንዱ ነው። ማክስ ታይለር የተባለው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሐኪም በ1920ዎቹ ዓ.ም. ያዳከመውን ቫይረስ መሠረት አድርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ታይለር ለዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አንድ መርፌ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ቀድሞ ካርዱ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ብቻ ነበር፤ ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት ካርዱ ለባለቤቱ ዕድሜ ሁሉ የጸና ሆኗል፤ ቀደም ብሎ የተሰጠውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ስለዚህ ካርዱ ዐሥር ዓመት ሞልቶታል ተብሎ ሁለተኛ መርፌ እንዲወጋ የሚነገረው ሰው ይህን ደንብ ማስታወስ ይችላል። ካርዱን በሚገባ ማስቀመጥ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ስም ጋር በፊደል እንኳ እንዳይለያይ ሲወጋ ማየት ይገባል።

ነጋዴን ከሁሉ ይልቅ የሚያደናቅፈው ግን የ10 ቀኑ ደንብ ነው። ካርዱ ሕጋዊ የሚሆነው መርፌው ከተወጋበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ሲሞላ ነው፤ ምክንያቱም ሰውነት መከላከያውን ለማሰናዳት ይህን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ አንድ ቀን አድሮ፣ ክትባቱን ተወግቶ በማግሥቱ የሚበር ሰው ካርድ ይዟል እንጂ የጸና ካርድ አልያዘም። ስለዚህ የጉዞው ቀን እንደ ተወሰነ፣ የሚሻለውም ለቪዛ ማመልከቻ በሚገባበት ሳምንት፣ መከተብ ነው። በየሐኪም ቤቱ ይህ ክትባት ስለማይሰጥ፣ ካርዱን ለመስጠት የተፈቀደለት ጣቢያ የትኛው እንደሆነ በስልክ ጠይቆ መነሣት ከመመላለስ ያድናል። ቫይረሱ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው በመሆኑ ለሁሉም ሰው አይሰጥም። ከ9 ወር በታች ያለ ሕፃን፣ ዕንቍላል ክፉኛ የማይስማማው ሰው፣ በበሽታ ወይም በመድኀኒት ምክንያት የሰውነቱ የመከላከል ኀይል እጅግ የተዳከመበት ሰው አይወጉትም። ነፍሰ ጡር ሴትና ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ እንደሆነ ሐኪም መዝኖ ይወስንላቸዋል። ክትባቱ የተከለከለ ሰው ይህንኑ የሚገልጽ የሐኪም ምስክር ወረቀት ሊይዝ ይገባል።

ከዚህ ሌላ ክትባቱ ፈጽሞ የማይነካቸው፣ ነገር ግን በዚያችው የቀን ትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ፤ ደንጊና ቺኩንጉንያ ይባላሉ። ሁለቱም ብርቱ ትኩሳትና የአጥንት ሕመም ያመጣሉ፤ የቺኩንጉንያው የመገጣጠሚያ ሕመም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ድሬዳዋ ሁለቱንም አይታለች፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን፣ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ቺኩንጉንያ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳምሟል። ዕቃ ለመግዛት ወደ ቻይና ጓንዡ የሚመላለሰው ነጋዴም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ጓንዡ በምትገኝበት በጓንግዶንግ ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 ከ45 ሺህ በላይ ሰዎች በደንጊ ተይዘዋል፤ ሴራሚክና የቤት ዕቃ በሚገዛባት በጎረቤቷ በፎሻን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ቺኩንጉንያ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዟል። ከነዚህ አገሮች ሲመለስ ትኩሳት የያዘው ሰው ደንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሊውጥ አይገባም፤ ደም ማፍሰስን ያባብሳሉና። ፓራሲታሞል ይሻላል።

ወባ ወዳለበት አገር ለሚሄድ ነጋዴ ክኒን አለለት፤ ነገር ግን ክኒኑ የሚሠራው በሥርዐቱ የተወሰደ እንደሆነ ነው። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተመለሱም በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። አቶቫኮንና ፕሮጓኒል የተቀላቀሉበት ክኒን እንዲሁ በየቀኑ ይወሰድና ከተመለሱ በኋላ በ7 ቀን ያበቃል። ሜፍሎኪን በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት መጀመር አለበት፤ አእምሮንም የሚያውክባቸው ሰዎች ስላሉ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድም። ብዙ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ክኒኑን ይጥላል። ይህም አደገኛ ነው፤ ተውሳኩ በጉበት ውስጥ አድፍጦ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነውና።

ከክኒኑ ጋር በመድኀኒት የተነከረ አጎበር፣ እጅጌው ረዥም ልብስ፣ እንዲሁም ዲት የተባለው መድኀኒት ያለበት የቆዳ ቅባት ያስፈልጋል። ቅባቱ ለቀኑም ለሌሊቱም ትንኝ ሲሆን፣ አጎበሩ ለሌሊቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀን በገበያ ውሎ ሌሊት በአጎበር የሚተኛ ሰው ከወባ እንጂ ከደንጊ አልተጠበቀም። «በከተማ ወባ የለም» የሚለውም ያረጀ አነጋገር ሆኗል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ ይህች በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ስለሆነች፣ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው ወባ ምክንያት እርሷ እንደ ነበረች ተረጋግጧል።

ለአስመጪውና ለባለሱቁም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ኤደስ ትንኝ ዕንቍላሏን ከውሃ ጠርዝ በላይ ታጣብቀዋለች፤ ዕንቍላሉም ደርቆ ለወራት ከቆየ በኋላ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። በዚህ ምክንያት ያገለገለ ጎማ የትንኝ መርከብ ሆኗል። የእስያዋ ነብር መሰል ኤደስ በ1977 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ቴክሳስ የገባችው ከእስያ በመጣ ያገለገለ ጎማ እንደሆነ ይታመናል። ጎማ የሚያስመጣና የሚሸጥ ሰው ክምሩን በጣራ ሥር ወይም በሸራ ሸፍኖ ቢያስቀምጥ፣ ባለሱቁም ከጓሮው የቆመውን በርሜል ቢከድንና በየሳምንቱ ቢያጥብ፣ ትንኝዋ ከዕንቍላል ወደ ክንፍ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚያስፈልጋት ሳትበር ትቀራለች።

በመጨረሻ የሚቀረው ከጉዞ መልስ ያለው ነገር ነው። በሞጣና በቢቸና የሚገኝ ሐኪም ፊት ትኩሳት ይዞት የሚቀርብ ሰው፣ ከተማው ደጋ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ለታይፎይድ ወይም ለጉንፋን ሊታሰብ ይችላል። ከባዱ የወባ ዐይነት ግን ከነደፋው 7 ቀን በኋላ ጀምሮ ይነሣል፤ ሕክምናው ቢዘገይ በጥቂት ቀን ሊገድል ይችላል። ቪቫክስ የተባለው ሌላው ዐይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ፣ መንገደኛው ጉዞውን በረሳበት ጊዜ ይነሣል። ስለዚህ የታመመው ነጋዴ ሐኪሙ እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ፣ በየትኛው ቀን በየት አገር እንደ ነበረ፣ ቆላ አድሮ እንደሆነ፣ ክኒን ወስዶ እንደሆነ ተናግሮ ደሙ በዚያው ዕለት እንዲመረመር ይጠይቅ፤ የፓስፖርቱን ማኅተምና ቢጫውን ካርድም አብሮ ያሳይ።